«ከሦስቱ የትኛውን ልስጥዎ?»
የአረጋውያን መድኃኒትና የመንግሥት ግዴታ



ይህን ማኒፌስቶ ለማዘጋጀት ከነዋሪው ጋር ስንመካከር ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ኑሮ ውድነት እንደምንጠየቅ ገምተን ነበር፤ አልተሳሳትንም። ሆኖም በየአዳራሹ በኋለኛው ወንበር ከሚቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ ካጋደሙ አባቶችና ነጠላቸውን አጣፍተው ከሚያዳምጡ እናቶች ዘንድ ይህን ያህል ተደጋግሞ ይመጣል ብለን ያላሰብነው አንድ አቤቱታ ነበር። እርሱም የመድኃኒት ነገር ነው።

ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንደኛው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተነሡ። ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረዋል። ከደረት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ የሐኪም ማዘዣ አውጥተው ዘረጉና እንዲህ አሉን፦ «ለደም ግፊት አንድ፣ ለስኳር አንድ፣ ለዓይኔ ጠብታ አንድ፣ ሦስት መድኃኒት ታዞልኛል። መድኃኒት ቤት ስሄድ የልጅ ልጄ የምትሆን ፋርማሲስት ዋጋውን ደምራ ነገረችኝ። ኪሴን ዳበስኩ። እሷም ነገሩ ገባትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ‹አባባ፣ ከሦስቱ የትኛውን ልስጥዎ?› አለችኝ። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የትኛውን መተው እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?» በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ማዘዣውን እንደነበረ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ልጅቷን የሚወቅስ የለም፤ እንዲያውም ልታግዛቸው ነው የሞከረችው። ተጠያቂው እንደዚህ ያለ ምርጫ ለአንድ አረጋዊ እንዲቀርብ የፈቀደው አሠራር ነው። ይህን ጉዳይ ከማኒፌስቶው ለይተን በርዕሰ አንቀጽ ያወጣነው በምርጫ ክርክሮች ላይ የሚገባውን ቦታ ስላላገኘ ነው። ገዥው ፓርቲ ብቻ ሳይሆን እኛ ተቃዋሚዎችም እስከ ዛሬ በቅጡ አልተናገርንበትም። ይህን የምንጽፈው ሰዎች ሃምሳን የተሻገርን ነንና፣ ነገሩ የራሳችንም ነው ብንል አናፍርም።

ጡረታና ማዘዣ

በቅድሚያ ስሌቱን እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አሥር የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ከ70 በመቶ ሳያልፍ ይሰላ ነበር። መነሻውም ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሲከፈለው የነበረው ደመወዝ አማካይ ነበር። በዚህ ስሌት 35 ዓመት ያገለገሉት መምህር 61.25 በመቶ ያገኛሉ ማለት ነው። ሲሰሙት መጥፎ አይመስልም። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. ጡረታ የወጣ ሰው ይህን በመቶኛ የሚያገኘው በዚያን ዘመን ከነበረው ደመወዙ ላይ ነው።

በየጊዜው የጡረታ ጭማሪ መደረጉን አንክድም። ጭማሪው የሚመጣው ግን መንግሥት ሲወስን ነው፤ ገበያው የማንንም ውሳኔ አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሀገራችን የሚሸጠው አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። በአንድ ጡረተኛ ማዘዣ ላይ ምን እንደደረሰ ለማወቅ እንግዲህ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ይህ የባለ ጡረታው ጉዳይ ነው። የሟች ሚስት ደግሞ አለች። በሕጉ መሠረት የምታገኘው የባሏን ጡረታ ግማሽ ነው። የቤት ኪራዩ ግማሽ አይሆንላትም፤ መብራቱም፣ የደም ግፊት ክኒኑም እንደዚሁ። ከእርሷም በታች ጡረታ የሚባል ነገር በስማቸው ተመዝግቦ የማያውቅ፣ በጉልት፣ በእንጀራ መጋገር፣ በልብስ ማጠብና በቀን ሥራ ልጅ አሳድገው ያረጁ የከተማ እናቶችና አባቶች አሉ። የሚበዙት እነርሱ ናቸው።

የበሽታው ጠባይም ነገሩን ያከብደዋል። በ2007 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። ደም ግፊት ደግሞ ድምፅ የለውም። ክኒኑን ያቋረጠ ሰው በማግስቱ አይታመምም፤ በሳምንቱም ላይታመም ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ክኒን ነው። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድ ማለዳ አባት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላቸዋል፤ ወይም ኩላሊታቸው መሥራት ያቆምና በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እጥበት ይታዘዝላቸዋል። ያን ጊዜ ልጅ ሥራዋን ትታ አስታማሚ ትሆናለች፣ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ይሸጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል። መምህሩን ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው ስናነጋግራቸው በዚያ ወር የተዉት የዓይን ጠብታውን መሆኑን ነገሩን። ግላኮማ ነው ያለባቸው። ግላኮማ ያጠፋውን ብርሃን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ጠብታው የሚታዘዘው የቀረው እንዳይጠፋ ነው።

ሦስቱ በሮች

ገዥው ፓርቲ በዚህ ነገር ሲጠየቅ ሦስት መልስ አለው። ሦስቱም በወረቀት ላይ አሉ። እኛም አንድ በአንድ አንኳኩተናቸዋል።

አንደኛው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዝርዝር ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛውም ከጡረታው 1 በመቶ እንዲያዋጣ ተወሰነ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሟል፣ መሥሪያ ቤትም ተቋቁሞለታል። ከዚያ በኋላ ግን የሚጀመርበት ቀን እየተቆረጠ መልሶ ሲራዘም ኖረ። ደመወዙ ለወር አልበቃ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ተጨማሪ መቆረጡን ተቃወመ፤ የሚታከምበት ተቋም መድኃኒት እንደሌለው እያወቀ በቅድሚያ ክፈል መባሉንም አልተቀበለም። በዚህ ልንፈርድበት አንችልም። አዋጁ በወጣ በአሥረኛው ዓመት እንኳ ከአንድም ጡረተኛ ደጅ አልደረሰም ነበር። ኢሕአዴግ አውጆት፣ ኢሕአዴግ ራሱ ከስሞ፣ አዋጁ ግን መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሁለተኛው በር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ወደ ከተሞችም ሰፍቷል። ይህን ጥሩ ጅምር ነው እንላለን። በተቃዋሚነታችን ብቻ ጥሩውን ሁሉ የምናጣጥል ሰዎች አይደለንም፤ በዚህ መድን አማካይነት ከሞት የተረፉ ቤተሰቦችን እናውቃለን። ችግሩ የሚጀምረው ታማሚው ካርድ አውጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ማዘዣውን ይዞ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ጋ ሲደርስ ነው። «የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ይባላል። ይህችን «ከውጭ ይግዙ» የምትባል ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። መድኑ የምርመራውን ወጪ ሸፈነ፣ መድኃኒቱን ግን አረጋዊው በጥሬ ገንዘብ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛ። የአንድ አረጋዊ ዋነኛ የሕክምና ወጪ ምርመራው ሳይሆን በየወሩ እስከ ዕለተ ሞት የሚገዛው ክኒን መሆኑን ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሳያውቁት የቀሩ አይመስለንም።

ለምን ይጠፋል ቢባል ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ጤና ተቋሙ መድኃኒቱን ከመንግሥት አቅራቢው ድርጅት የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ በተዘዋዋሪ ፈንድ ማለት ነው። መድኑ ለጤና ተቋሙ መክፈል ያለበትን ሲያዘገይ ተቋሙ ለአቅራቢው የሚከፍለው ያጣል፤ አቅራቢው ያልተከፈለው እንደሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ግዥ ገንዘብ ያጥረዋል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጨመርበት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። የሦስት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ሳይተሳሰብ ስለቀረ ብቻ አንዲት እናት ከጤና ጣቢያ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ሦስተኛው በር የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው። መክፈል የማይችሉ ተለይተው መንግሥት እንዲከፍልላቸው የሚደረግበት ነው። አሠራሩን ማንም ያውቀዋል፤ ሰው በወረዳው ቀርቦ ድህነቱን ያስመሰክራል። በሕይወቱ ሙሉ ከማንም ሳይለምን የኖረ ሰው በስተርጅናው ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ድሃ ነኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ያን ተሸክሞ የሄደውም ቢሆን «አንተማ ጡረታ አለህ» ሊባል ይችላል። ጡረታ አለህ፣ ስለዚህ ድሃ አይደለህም፤ ጡረታህ አይበቃም፣ ስለዚህ መግዛት አትችልም። የእኛ መምህር የቆሙት በዚህ መካከል ነው።

ሦስቱ በሮች ሲዘጉ የሚቀረው ልጅ ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ ዶላር ይልካል፤ ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ከደመወዟ ቀንሳ ትልካለች፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ራሱን በመንገደኛ እጅ። ልጅ የሌለውስ? እድራችን ደግ ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። አረጋዊ እናቶቻችን የእድር መዋጮ አያጓድሉም። ለቀብራቸው ዋስትና ያላቸው ሰዎች ለክኒናቸው ዋስትና የላቸውም።

መንግሥት ሲፈልግ ያውቅበታል

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ለእንደኛ ላለ ድሃ ሀገር ቅንጦት ነው ይሉናል። እኛ ደግሞ የራሳችንን ሀገር ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በክፍያ ነበር። የሚችል ገዛ፣ የማይችል ቀረ፤ በየቤቱ ያለቀሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሰው ከአልጋ ተነሣ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ልጆቹን አሳደገ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የልጆች ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎትም በመንግሥት ተቋማት በነጻ የሚሰጡ ናቸው። መዝገብ አለ፣ ክትትል አለ፣ ታማሚው የቀጠሮ ቀኑ ሲያልፍ ይፈለጋል። በሌላ አነጋገር መድኃኒትን ያለ ክፍያ እስከ ታማሚው እጅ የሚያደርስ አሠራር ለዚህች ሀገር እንግዳ አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም።

እርግጥ ነው፣ የኤች አይ ቪው መድኃኒት በአብዛኛው በውጭ እርዳታ የተገዛ ነው። ይህን አንሸሽገውም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም በየጤና ተቋሙ የነበረውን ድንጋጤ አይተናል። ከዚያ የተማርነው ለአረጋውያን የሚዘረጋው ሥርዓት ከራሳችን ግብር መነሣት እንዳለበት ነው።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? ከመካከላችን ሕግ የተማርን ስላለን እንዲሁ አናልፈውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል። ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን በስም ጠርቶ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ሊረዱ እንደሚገባ ይደነግጋል። ባለሥልጣናት የሚወዱት «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለውን ሐረግ ነው። በሕግ አተረጓጎም ግን አቅም የለኝም የሚል ወገን አቅም ማጣቱን የማስረዳት ሸክም አለበት። በጀቱን ዘርግቶ፣ ይህን ያህል ለዚህ አውዬ፣ ይህን ያህል ለዚያ አውዬ፣ ለአረጋዊ ክኒን የቀረ የለም ብሎ በሕዝብ ፊት ማሳየት ይኖርበታል። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ የእኛም መንግሥት አብሮ ገብቷል። በየዓመቱ ሰኔ በጀት ሲጸድቅ ያ ቃል ትዝ ያለው ማን ነው?

ከሌሎች ሀገሮች ምን እንማራለን

የአረጋውያን መድኃኒት ጥያቄ ሀብታሞቹንም ሀገሮች ያጨቃጨቀ ነው። አሜሪካኖች ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ዜጎቻቸው ሜዲኬር የሚባል የሕክምና መድን ቢኖራቸውም፣ ለዐሥርተ ዓመታት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን መድኃኒት አይሸፍንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከረዥም ክርክር በኋላ ሕግ አውጥተው በ2006 ሥራ ላይ አዋሉት። ሕጉ ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ የታማሚው ወጪ የተወሰነ ልክ ላይ ሲደርስ ሽፋኑ ይቋረጥና አረጋዊው ሙሉውን ራሱ ይከፍል ነበር፤ «የዶናት ቀዳዳ» ብለው ይጠሩት ነበር። ሁለተኛውና የባሰው፣ መንግሥት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ሕጉ ራሱ ከለከለው። ትልቁ ገዥ እጁን ታስሮ ገበያ ወጣ ማለት ነው። ይህ ክልከላ የላላው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ በዚሁ ሕግ ከ2023 ጀምሮ የአንድ ወር ኢንሱሊን ከ35 ዶላር እንዳያልፍ፣ በ2025 ደግሞ አረጋዊው በዓመት ለመድኃኒት ከኪሱ የሚያወጣው ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ ተደረገ። እዚያ የሚጦሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች የዚህ ተጠቃሚ ሆነዋል።

የገንዘቡ መጠን ለእኛ አይሆንም። ትምህርቱ ግን ይሆናል፦ በጅምላ የሚገዛ መንግሥት መደራደር አለበት፣ ታማሚውም ከኪሱ የሚያወጣው ወለልና ጣሪያ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ራሳችን አህጉር ስንመጣ ጋና አለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የጤና መድን ሕግ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸውን አረጋውያንና የማኅበራዊ ዋስትና ጡረተኞቿን ከመዋጮ ነጻ አደረገች። የእኛ ሕግ ከጡረተኛው 1 በመቶ ሲቆርጥ የጋና ሕግ ጡረተኛውን ተወው። ገንዘቡን ያገኙት ከሽያጭ በሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ ነው። ጋናም ችግር አልጠፋባትም፤ መድኑ ለሕክምና ተቋማት የሚከፍለው እየዘገየ አስቸግሯል። እንግዲህ በሽታው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ ክፍያ ከዘገየ መደርደሪያው ይራቆታል።

የምናቀርበው

ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ማንኛውም ነዋሪ፣ ጡረታ ኖረውም አልኖረውም፣ በሐኪም የታዘዘለትን የዘወትር መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ እንታገላለን። መነሻው አጭር ዝርዝር ይሆናል፦ የደም ግፊት፣ የስኳር ኢንሱሊንን ጨምሮ፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታና የግላኮማ መድኃኒቶች። ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የባለቤትነት መብታቸው ካበቃ ዘመን ያስቆጠሩና በብዙ ሀገር በብዙ ፋብሪካ የሚመረቱ ናቸው፤ በጅምላ ሲገዙ ርካሽ ናቸው። ኢንሱሊን ይወደዳል፣ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል፤ እርሱን ከወዲሁ በበጀት መያዝ ያስፈልጋል። ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ በቂሊንጦ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም ቢሆን እርግጠኛ ገዥ ቢያገኝ የሚጠላ አይመስለንም።

«ከውጭ ይግዙ» የሚለውን ቃል በሕግ ዋጋ እናስከፍለዋለን። ጤና ተቋሙ መድኃኒቱ ከሌለው በማዘዣው ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ አረጋዊው ውል ከገባ መድኃኒት ቤት፣ የከተማ አስተዳደሩም ይሁን የቀይ መስቀል ወይም የግል፣ ሳይከፍል ይወስዳል፤ ሒሳቡ ለተቋሙ ይላካል። መድኃኒት ሲጠፋ የሚጎዳው ታማሚው ብቻ ሳይሆን የተቋሙ ሒሳብም ከሆነ መደርደሪያ እንዴት እንደሚሞላ በፍጥነት ይታወቃል። መንግሥትም ለተቋማትና ለመድኃኒት ቤቶች ያለበትን በ45 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ወለድ ይታሰብበት። ግብር ከፋዩ ሲያዘገይ ወለድ ይታሰብበት የለምን?

ገንዘቡን ከየት እናመጣለን? ከጡረታ ላይ አንድ ሳንቲም እንዲቆረጥ አንፈልግም። የጋናን መንገድ ተከትለን በሽያጭ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣልንም አልመረጥንም፤ ዳቦ የሚገዛውን ድሃ ለክኒን ማስከፈል ይሆናል። የኛ ሐሳብ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረት ከትምባሆና ከአልኮል መጠጦች ከሚሰበሰበው ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለዚሁ ብቻ እንዲውል በሕግ እንዲታሰር ነው። የልብንና የሳንባን በሽታ የሚያባብሰው ንግድ ለመድኃኒቱ ቢያዋጣ ፍትሐዊ ነው።

መድኃኒቱ ነጻ ከሆነ ወጥቶ ይሸጣል የሚሉን አሉ። ስጋቱን አንንቀውም፤ የሀገራችንን ነገር እናውቃለን። ለዚህ ነው አረጋዊው በአንድ ተቋም ብቻ ተመዝግቦ፣ በስሙ በተያዘ መዝገብ፣ የወሩን ብቻ እንዲወስድ የምንለው። በነቀርሳና በኤች አይ ቪ ሕክምና የተሠራበት ይኸው ነው። ልጆቻቸው ይጡሯቸው የሚሉም አሉ። ይጡሯቸው፤ ይጦሯቸዋልም። ነገር ግን የወር ደመወዙ ለኪራይ ያልበቃው ልጅ ከአባቱ ክኒንና ከልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲመርጥ ማድረግ፣ መምህሩ ፊት የቀረበውን ጥያቄ ለልጃቸው ማዛወር ነው።

በዕድሜው ወሰን ላይ በፓርቲያችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተደርጓል። ገሚሱ ገንዘቡ እንዲበቃ ከ65 ይጀመር አለ። ሌሎች ደግሞ ሀብታሙም ነጻ ሊያገኝ ነውን፣ ድሃው ይለይ አሉ። ሁለቱም ሐሳቦች ክብደት አላቸው። በመጨረሻ 60ን የመረጥነው የጡረታ መውጫ ዕድሜ በሕግ 60 በመሆኑ ነው፤ ገቢው የሚቀንስበት ቀን ያ ነው። ድሃውን ለመለየት ኮሚቴ ማቋቋምን ደግሞ ያልተቀበልነው የነጻ ወረቀቱን ነገር ስላየን ነው። ሀብታሙ ሰው ለሜትፎርሚን ብሎ ጤና ጣቢያ ወረፋ ቢይዝ ደስ ይለናል፤ ወረፋው ይሻሻላል።

የማንገባውንም ቃል እንናገር። በዚህ የምርጫ ዘመን የካንሰርን መድኃኒትና የኩላሊት እጥበትን በዚህ ሕግ እንሸፍናለን አንልም፤ አቅሙን ሳናሰላ ብንናገር እናንተን ማታለል ይሆናል። የመነጽርና የጥርስ ነገርም አልተካተተም። የገጠሩን አረጋዊ ጉዳይ በዚሁ ማኒፌስቶ የገጠር ክፍል ለብቻው አይተነዋል፤ ርቀቱና የጤና ተቋሙ ሁኔታ ሌላ አሠራር ይጠይቃል።

ብዙኃን መቀመጫ ካገኘን ረቂቁን በመጀመሪያው የሥራ ዓመት እናቀርባለን። ጥቂት መቀመጫ ብቻ ብናገኝም በየዓመቱ የበጀት ክርክር ላይ ይህን ጉዳይ በስሙ እናነሣለን፤ መልሱም በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር እናደርጋለን።

እስከዚያው ግን ከእናንተ አንድ ነገር እንጠይቃለን። የእኛም ሆነ የገዥው ፓርቲ ዕጩ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ፣ ቤት ያሉትን እናትና አባት ማዘዣ አውጥታችሁ አሳዩት። ስንት መድኃኒት እንደታዘዘ፣ ስንቱ እንደተገዛ ንገሩት። ከዚያ የቀረውን ማን እንደሚከፍል፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚከፍል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፍል ጠይቁት፤ የሚሰጣችሁንም መልስ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙት።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት